የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በራስ እጅ መቀየር ምን ያህል ያተርፋል?

የሃረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የሆንዳ ሲጂ 125ን አሠራር የተከተለች፣ ባለ 150 ሲሲ የቻይና ሞተር ሳይክል አለችኝ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለስሁ ዕቃ አደርስባታለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሃረጎን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ ነዳጅ ብሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነቷ አይጨምርም፤ ዳገቱ ሲያልቅ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል።

ያሳየሁት ጋራዥ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ከነቤቱ፣ ማለትም ዲስኮቹን ከሚይዘው ማቀፊያ ጋር፣ በሙሉ መቀየር አለበት ብሎ ለዕቃ 7,000 ብር፣ ለእጅ 2,500 ብር ጠይቆኛል። ዘይትና ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በክዳኑ ሥር የሚገባው ስስ ማሸጊያ) ለብቻው ነው። በሌላ በኩል ሸራዎቹን (እየተፋተጉ ኃይል የሚያስተላልፉትን ዲስኮች) እና ሞላዎቹን ብቻ ከመለዋወጫ መደብር በ2,200 ብር እንደማገኝ አጣርቻለሁ። መፍቻና ካቻቢቴ አለኝ፤ ዘይትና ሰንሰለት የምቀይረውም ራሴ ነኝ፤ የሞተሩን ጎን ግን ከፍቼ አላውቅም። ራሴ ብሠራው በእርግጥ የሚተርፈኝ ነገር ይኖራል ወይስ የሚተርፈው ብር መሣሪያ በመግዛት ያልቃል? ልምድ ያላችሁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

ነባር መካኒክ (ደሴ)

ወንድሜ፣ አብሽር፤ የሚሠራ ነገር ነው። ነገር ግን ብር ከማውጣትህ በፊት ያለ ወጪ የሚታዩ ነገሮች ስላሉ ከእነሱ ጀምር።

በመጀመሪያ የፍሪሲዮኑን እጀታ ጫፉ ላይ ይዘህ ሳብ አድርገው። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ላላ ብሎ መሄድ አለበት። ሸራው እያለቀ ሲሄድ ይህ ልልነት እየጠበበ ይመጣል፤ ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ አንተ እጀታውን ሳትነካው ገመዱ ራሱ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ ያስቀረዋል፤ ሸራውም በጉዞ ሁሉ እየተንሸራተተ ይግላል፣ በቶሎም ያልቃል። ገመዱን በማስተካከል ብቻ የዳነ ሞተር ብዙ አይቻለሁ። ሁለት ጣት እጀታው ላይ ጭኖ ዳገት የመውጣት ልማድም ሥራው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ዘይቱን አስብ። የእነዚህ ሞተሮች ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ በመሆኑ፣ በዕቃው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ኤምኤ2» የሚል ምልክት ያለበት የሞተር ሳይክል ዘይት ያስፈልገዋል። ለዘመናዊ የቤት መኪና የሚዘጋጁና ነዳጅ ይቆጥባሉ የሚባሉ አንዳንድ ቀጫጭን ዘይቶች ማንሸራተቻ ቅመም ስላለባቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል። እንዲህ ያለ ዘይት ጨምረህ ከሆነ መጀመሪያ ቀይረውና ጥቂት ነድተህ ተመልከት።

ሌላው ሰዎች የሚያምታቱት የጉልበት ማነስን ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ ከእርሷ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ እላይ ሲደርስ ቢደክም አያስገርምም። የደከመ ሞተር ግን ድምፁም አብሮ ይወርዳል። አንተ የጻፍኸው ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ አለመጨመሩን ነው፤ ሽታውም አለ። ስለዚህ ገመዱና ዘይቱ ደህና ከሆኑ ሸራው አልቋል ብዬ እፈርዳለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ቤቱ መቀየር አለመቀየሩ የሚታወቀው ጎኑ ተከፍቶ ሲታይ ነው። የሸራዎቹ ጆሮዎች የሚገቡባቸውን የቤቱን ጣቶች ጥፍርህን እያስኬድህ ዳስሳቸው፤ ጥፍርህን ጥቂት ብቻ የሚይዝ ምልክት ከሆነ በጥሩ ሞረድ ተስተካክሎ ይሠራል፣ ሸራው ገብቶ የሚቀረቀርበት ጥልቅ ቦይ ከሆነ ግን ቤቱ መቀየር አለበት። ሳይከፈት «ከነቤቱ ይቀየር» ከተባልህ የተጠየቅኸው ለግምት ነው። ቤቱ ደህና ሆኖ ከተገኘ የምታድነው 4,800 ብር ሲሆን ይህ ከእጅ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ራስህ ባትሠራው እንኳ መካኒኩ ከፍቶ እንዲያሳይህ የመጠየቅ መብት አለህ።

ራስህ የምትሠራው ከሆነ ሸራና ሞላ 2,200፣ አንድ ሊትር ያህል ዘይትና የጎን ጓርኒሲዮን ደግሞ በእኔ ግምት 1,100 ብር ያህል ይፈጃሉ። መሣሪያ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ባለ አራት ጥርስ ቡሶላ (ዳዶ ላይ ተሰክቶ የሚፈታ ክብ መፍቻ) ነው። በሲጂ አሠራር ሸራዎቹን የሚጨምቀው ሳህን ከኋላ ስለሆነ የመሐሉ ዳዶ ካልተፈታ ሸራው አይወጣም፤ ዳዶው ደግሞ ስድስት ማዕዘን ሳይሆን አራት ቦይ ያለው ክብ ነው። በመሮና በመዶሻ የሚፈቱት አሉ። ዳዶው ይበላሻል፣ የብረት ፍርፋሪውም ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ለዚህ ሥራ 2,500 ብር የሚያስከፍል ሰው መሮ ሲያነሳ ካየህ ሞተርህን ይዘህ ውጣ።

ዲቲ ነጂ (ኩታበር)

ነባር መካኒክ ስለ ዳዶው የጻፉት ለሁሉም ሞተር እንደማይሠራ ለአንባቢ ለመጠቆም ያህል ነው። ያማሃ ዲቲ 125ን በመሳሰሉት ላይ የሚጨምቀው ሳህን ከፊት ስለሆነ፣ የሞላዎቹን ቡሎኖች ፈትቶ ሳህኑን ማንሳት ብቻ ሸራዎቹን አንድ በአንድ ለማውጣት ይበቃል፤ የመሐሉ ዳዶ የሚነካው ቤቱ ራሱ ሲቀየር ነው። ዲቲ ባለ ሁለት ምት በመሆኑ የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይትም ከነዳጁ ጋር ከሚቃጠለው ዘይት የተለየ ነው። ስለዚህ የእኛ ወጪ ሸራ፣ ጓርኒሲዮንና የካምቢዮ ዘይት ብቻ ሆኖ ያልቃል። ዕቃ ከመግዛትህ በፊት የሞተርህ አሠራር የትኛው እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

የቶርኖ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ስለ ቡሶላው ልጨምር። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ፍለጋ አትድከም፤ የዳዶውን የውጭ ስፋትና የቦዮቹን ስፋት በካሊፐር ለክተህ፣ ወይም ሌላ የተፈታ ተመሳሳይ ዳዶ ይዘህ፣ ማንኛውም ቶርኖ ቤት (ብረት ቀራጭ) ብትሄድ ከአሮጌ ቡሶላ ላይ አራት ጥርስ አስቀርቶ ይቆርጥልሃል። እኛ ጋ እስከ 400 ብር ይሠራል። ጥርሶቹ ከቦዮቹ ጋር ልክ ካልሆኑ ዳዶውን ይበሉታልና «ይበቃል» ብለህ ሰፋ ያለ አትቀበል። ስትፈታም ሞተሩ አብሮ እንዳይዞር በሁለቱ ትልልቅ ባለ ጥርስ የሞተሩ ክቦች መገናኛ መካከል ለስላሳ ነገር፣ ለምሳሌ የመዳብ ቁራጭ፣ አስገባ፤ ካቻቢቴ ማስገባት ግን ጥርስ ይሰብራል።

የሃረጎ መንገደኛ

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ እርስዎና ሌሎቹም የከፈላችሁልኝ ጊዜ ቀላል አይደለም። ገመዱን ተመልክቼዋለሁ፤ ልልነቱ 5 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ባስተካክለውም በዳገት ላይ መንሸራተቱ አልቆመም፤ ዘይቱም ትክክለኛው ነው። ስለዚህ ልከፍተው ወስኛለሁ። ሸራውን ለመለየትና ለመግጠም ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የትኛው ላይ ነው? የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ያለው መፍቻም የለኝም።

ነባር መካኒክ (ደሴ)

ዘይቱን ካፈሰስህና የመርገጫውን ክንድ ካወጣህ በኋላ የጎኑን ክዳን ቡሎኖች ስትፈታ ርዝመታቸው እኩል እንዳልሆነ ታያለህ። የክዳኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ስለህ እያንዳንዱን በቦታው ሰካ፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ክሩን ያበላሻል ወይም ክዳኑን ይሰነጥቃል። የድሮውን ጓርኒሲዮን ስትፍቅ የአሉሚኒየሙን ፊት አትቧጥጠው፤ ሲሊኮንም በብዛት አትቀባ፣ ወደ ውስጥ የተጨመቀው ትርፍ ተቆርጦ የዘይቱን መተላለፊያ ይዘጋል። ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ በክራንኩ (በሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለውን እየተሽከረከረ ዘይት የሚያጣራ ክብ ቤት ከፍተህ እጠበው፤ ያለቀው ሸራ ዱቄት ጥቁር ጭቃ ሆኖ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ይህን ከሚዘሉት ውስጥ መካኒኮችም አሉበት፤ የሚያስወጣው ግን ጥቂት ቤንዚንና ጨርቅ ብቻ ነው።

ሸራ የለበሱትን ዲስኮች ውፍረት ከአዲሶቹ ጋር በካሊፐር አወዳድር። ለስላሳዎቹን የብረት ዲስኮች ደግሞ በመስታወት ላይ አስተኛቸውና በጣትህ ጫፍ ዙሪያቸውን ተጫናቸው፤ የሚንቀጠቀጥ ወይም በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ካለ ተጣምሟልና ይጣል። አንዳንድ መደብር ሸራውን ብቻ ነጥሎ ይሸጣል፤ የተጣመመ ብረት ካለ ግን አዲስ ሸራ መግዛቱ ብቻውን አይበቃም፣ የዚያን ወጪ ከአሁኑ አስብበት። አዲሱን ሸራ ከመግጠምህ በፊት አንድ ሌሊት በንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ ንከረው፤ ደረቅ የገባ ሸራ በመጀመሪያው መነሻ ላይ ይቃጠላል። ዲስኮቹን ስትደረድር ከሸራ ጀምረህ በሸራ ጨርስ፤ በመካከላቸው ብረት አንድ በአንድ ይገባል።

የሞላዎቹን ትናንሽ ቡሎኖች በተመለከተ 10 ኒውተን ሜትር ያህል ይበቃቸዋል፤ ይህ ደግሞ በአጭር እጀታ መፍቻ በእጅ አንጓ ብቻ የሚጠብቅ ልክ ነው። በመስቀል አቅጣጫ፣ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት እያልህ አጥብቅ። ቡሎኖቹ የሚታሰሩባቸው ምሰሶዎች አሉሚኒየም ስለሆኑ በጉልበት ያጠበቀ ሰው ምሰሶውን ይሰብረዋል፤ ያኔ 2,500 ብር ለማዳን የተጀመረው ሥራ ሙሉ ፍሪሲዮን ያስገዛል። የመሐሉ ዳዶ ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል፤ ለእሱ ብቻ ክዳኑ ሳይዘጋ ሞተሩን ወደ አንድ የምታውቀው መካኒክ ወስደህ በመለኪያ መፍቻ እንዲያጠብቅልህ ማድረግ ትችላለህ፣ የሚያስከፍልህም ጥቂት ነው።

ቤቱ ደህና ከሆነ ከቡሶላው ጋር በ3,700 ብር ትጨርሳለህ፤ መቀየር ካለበት ደግሞ 8,500 ትደርሳለህ። ጋራዡ ዘይቱንና ጓርኒሲዮኑን ጨምሮ የሚያስወጣህ 10,600 ነበር። ከከፈትኸው በኋላ የቤቱን ጣቶች በቅርበት ፎቶ አንስተህ ላክልን፤ ቤቱን ሳናይ አትግዛ።