ጥቆማ፦ ለደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ስማርት ቦርድ ከየት ይገዛ? ማንስ ይስቀለው?

መምህርት ከጠባሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን በአንድ የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ለ3ኛ እና ለ7ኛ ክፍል ስማርት ቦርድ (ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ፣ በእጅ ሲነካ የሚታዘዝ ሰሌዳ) ሊገዛ ነው፤ የማጣራቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። የያዝኩት ሦስት ፕሮፎርማ ነው። አንዱ ከፕሮጀክተር ጋር የሚሠራ ነጭ ሰሌዳ ሲሆን ሁለቱ ባለ 75 ኢንች ስክሪን ናቸው። የትኛው ይሻላል? እዚሁ አካባቢ በደንብ የሚሰቅል ባለሙያ ታውቃላችሁ? ልጆቹ እንዳይጎዱስ ምን እንጠንቀቅ? ግድግዳው ብሎኬት ነው። የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ።

የቆየ ደንበኛ
እህቴ፣ አትድከሚ። መርካቶ አንድ ደንበኛ አለኝ። ከደብተር እስከ ፎቶ ኮፒ ማሽን የምገዛው ከእርሱ ነው፤ አሳፍሮኝ አያውቅም። ስልኩን በውስጥ ልላክልሽ።

መምህርት ከጠባሴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስማርት ቦርድ ይሸጣል?

የቆየ ደንበኛ
ለጊዜው በእጁ የለም። ከጠየቅሽው ግን ያስመጣል። ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም።

ከሸዋ ሮቢት
ከሱቁ በፊት የጭነቱን ነገር አስቡበት። የእኛ ትምህርት ቤት ባለ 86 ኢንች ስክሪን ገዝቶ ነበር። ሻጩ «እስከ በር ማድረስ በእኛ» አለ። በአይሱዙ ላይ በጀርባው አስተኝተው፣ ከላዩ ቆርቆሮ ደርድረው፣ በጣርማ በር በኩል ይዘውት ወረዱ። «በዚህ በኩል ይቁም» የሚለው ቀስት ካርቶኑ ላይ በትልቁ ታትሟል፤ ያየው የለም። ሹፌሩ ቸኩያለሁ ስላለ ንብረት ክፍሉ ሳይከፍት ፈርሞ ተረከበ። በማግስቱ ሲበራ ከታችኛው ቀኝ ጥግ ተነሥቶ እስከ መካከሉ የሚደርስ ጥቁር መስመር ታየ። ሻጩ «ከመጋዘን ሲወጣ ደህና ነበር» ይላል። ሹፌሩ «የጫንኩት ካርቶን ነው፣ ውስጡን አላውቅም» ይላል። የንብረት ክፍሉ ሰው ፊርማውን ያያል፣ ዝም ይላል። ስክሪኑ አሁንም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

የመንዝ ልጅ
ወይ ጉድ! ዋስትና አልነበረውም?

ከሸዋ ሮቢት
የአንድ ዓመት ነበረው። ከሥሩ ግን «በአያያዝ የደረሰ ጉዳትን አይመለከትም» የምትል ደቃቅ መስመር አለች።

የቆየ ደንበኛ
የእኔ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

አፍላ ሻይ
እውነት ነው። ያልሸጠው ስክሪን እንዴት ይሰበርበታል?

የቆየ ደንበኛ
ለሹፈት አልመጣሁም። እኔ የማወራው ስለ ታማኝነት ነው።

የመንዝ ልጅ
እኔ የምለው፣ ጥፋቱ የሹፌሩም የሻጩም አይደለም፤ ሳይከፍት የፈረመው ሰው ነው።

ከሸዋ ሮቢት
ወንድሜ፣ በሩ ላይ ጥሩንባ እየነፉብህ አንተም ትፈርም ነበር። ለማንኛውም እህታችን፣ ውሉ ላይ «ቆሞ ተጭኖ፣ በቦታው ተከፍቶ፣ በርቶና ተነክቶ ከታየ በኋላ ርክክብ ይፈጸማል» የሚል ሐረግ አስገቢ። ቀሪው ክፍያም ከዚያ በኋላ ይሁን።

ጡረተኛው መምህር
ልጆቼ፣ ፕላዝማ ሲገባ እኔ አስተማሪ ነበርኩ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ነው። ቴሌቪዥኑ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል በብረት ሣጥን ተቆልፎ ተሰቀለ፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። ተማሪው ጻፈ አልጻፈ ሳይጠብቅ ያልፋል። መብራት የጠፋ ዕለት ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። የፈለጋችሁትን ግዙ፣ ጥቁር ሰሌዳውን ግን አትንቀሉ።

አፍላ ሻይ
ጋሼ፣ የዚህኛውም ዕጣ ከዚያ አይርቅም። በወላጆች ቀን ይበራል፣ በሌላው ቀን ካሌንደር ይንጠለጠልበታል።

የአይሲቲ መምህር
አባባ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ጠመኔ በሚጻፍበት ክፍል ፕሮጀክተር ካለ ብናኙ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ንክኪን በማይታይ ብርሃን እየለየ የሚሠራው ስክሪንም ጠርዙ ላይ አቧራ ሲቀመጥ ማንም ሳይነካው «ተነካሁ» ይላል። ተጠባባቂ ሰሌዳ ይኑር፤ ነገር ግን የማርከር ይሁን።

ጡረተኛው መምህር
ጠመኔው በእኛ ሳንባ ሲገባ ማንም ማጣሪያ አላለም።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን
መምህርት፣ ጥያቄዎ ተረስቷል፤ እኔ ልመልስ።

መጀመሪያ ግድግዳው። 75 ኢንች ስክሪን ብቻውን ግማሽ ኩንታል አካባቢ ይመዝናል፤ የሚበልጡም አሉ። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። በፕላስቲክ ፊሸር ብቻ የተንጠለጠለ ስክሪን አንድ ቀን ከነቅርፊቱ ይወርዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ልጅ አለ። ግድግዳውን በስቶ አልፎ ከጀርባ በብረት የሚታሰር ቡሎን፣ አለዚያም ከወለሉ ተነሥቶ ክብደቱን የሚሸከም የአንግል ብረት ማቆሚያ ያሠሩ። ጎማ ያለው ማቆሚያ ከመረጡ ፍሬኑ ሁልጊዜ ይያዝ፤ ተማሪ አይግፋው፣ በላዩ ላይ ይወድቃል።

መብራቱን በሚመለከት፣ ከቆጣሪው የሚነሣ የራሱ መስመር ከነመሬት ሽቦው ይዘርጉለት። አንድ ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር፣ ኮምፒውተር እና የሻይ ማፍያ በአንድ ማከፋፈያ ተሰክተው አይቻለሁ፤ ማከፋፈያው በእጅ አይነካም ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከ220 ቮልት ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ቮልቴጁን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር የግድ ነው። ክረምት ላይ መብረቅ ሲጀምር ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ሶኬቱ ይነቀል።

ሻጮቹ የማይነግሯችሁ ደግሞ ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ በተለመደው ፍጥነት አያቀዘቅዝም። ከ1500 ሜትር በላይ ሲሆን በብዙዎቹ ውስጥ «ሃይ አልቲቲዩድ» (ከፍተኛ ቦታ) የሚለውን ቅንብር ማብራት ያስፈልጋል፤ ድምፁ ይጨምራል፣ ማሽኑ ግን ይድናል። ይህን ሳያበሩ «ዕቃው ፎርጅድ ነው፣ እየሞቀ ይጠፋል» ብለው የሚጠሩኝ ብዙ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ጠዋት ክፍሉ ትንሽ ሳይሞቅ አታብሩት።

የመንዝ ልጅ
እኛ መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ነን። ምን ይሻለናል?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን
ብዙ ፕሮጀክተሮች እስከ 3000 ሜትር ብቻ ነው የሚፈቅዱት። ስክሪኑም ወሰን አለው። መግለጫው ላይ የሚሠራበትን ከፍታ ሳታዩ አትክፈሉ።

እማማ ኬጂ
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልውጣ። የእኛ ሰሌዳ ላይ አንድ ሕፃን በማይለቅ ማርከር ፀሐይ ስሎበታል። በላርጎ ልጠበው?

የአይሲቲ መምህር
አይሆንም! ፕሮጀክተር የሚያርፍበት ነጭ ሰሌዳ ከሆነ በላዩ ላይ በሚለቅ ማርከር ደግመሽ ጻፊበትና ሳይደርቅ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ስክሪን ከሆነ አጥፍተሽ፣ ፈሳሹን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ ሳታፈሺ አጽጂው።

ለመምህርት ደግሞ፦ ፕሮጀክተር ከገዛችሁ ከኮምፒውተሩ ወደ ሰሌዳው የሚሄደው የዩኤስቢ ገመድ ከ5 ሜትር አይርዘም። ሥዕሉ እየታየ ንክኪው አልሠራ ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው እርሱን ነው። ፕሮጀክተሩ በተነቃነቀ ቁጥር ነጥቦቹን እየነካችሁ ማስተካከያውን ድገሙት፤ አለዚያ በአንድ ቦታ ትጽፋላችሁ፣ በሌላ ቦታ ይወጣል። ልጆቹ ሲጽፉ ወደ ፕሮጀክተሩ መብራት ዞረው እንዳያዩ አስተምሯቸው። አምፖሉ ቢፈነዳ ውስጡ ሜርኩሪ አለና ልጆቹን አስወጥታችሁ መስኮት ክፈቱ። የ3ኛ ክፍሉን ሰሌዳ ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ይወጣሉ፣ ማንም አያስቆማቸውም። ለሶፍትዌር ገንዘብ አታውጡ፤ ኦፕን ቦርድ የሚባለው የሰሌዳ ፕሮግራም ነፃ ነው።

መምህርት ከጠባሴ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የከፍታውን ነገር ማንም ሻጭ አልነገረኝም። ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። ፕሮፎርማዎቹ ግን የሚያገለግሉት ለአንድ ሳምንት ነው ይላሉ፤ ዶላሩ እንደሆነ ይገባኛል።

የቆየ ደንበኛ
ሰውየውን ደወልኩለት። ስማርት ቦርድ አላመጣም አለ። ነጭ ሰሌዳ ከነማርከሩ አለው፤ ስንት ልያዝልሽ?

አፍላ ሻይ
ቃሉን አላጠፈም።

የመንዝ ልጅ
የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ መሐል ሜዳ ድረስ መጥተው ይሰቅላሉ?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን
መጓጓዣና ማደሪያ ከቻላችሁ እመጣለሁ። ግድግዳው ምንድን ነው?

የመንዝ ልጅ
ድንጋይ በጭቃ፣ ከላይ በሲሚንቶ የተለሰነ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ደብረ ብርሃን
እንግዲያው ግድግዳውን ተዉት፤ የብረት እግር አስበይዱ። ልኩን እኔ እልክላችኋለሁ።