ከፍላሽ የገባ የጓሮ በር ቫይረስ እንዴት ይወገዳል?

ጠያቂ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ጤና ይስጥልኝ። ለጽሕፈትና ለኅትመት ሥራ የምጠቀምበት ዊንዶውስ 10 ኮምፒውተር፣ አንድ ደንበኛ ፍላሽ ከሰካበት ወዲህ በሚሰካበት ፍላሽ ሁሉ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ወደ ሾርትከት (ሌላ ፋይል ወይም ፕሮግራም ወደሚከፍት አቋራጭ ምልክት) ይለውጣል፤ ትናንት ማታም ማውሱን ሳልነካው ቀስቱ ብቻውን ሲንቀሳቀስ አየሁ። በውስጡ የደንበኞች ሰነድ ስላለ እጅግ ሠግቻለሁ፤ ምን ላድርግ?

መልስ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ከሁሉ አስቀድመው የኢንተርኔቱን ገመድ ይንቀሉ፣ ዋይፋዩንም ያጥፉ። ሾርትከቱ ሲከፈት እውነተኛውን ፎልደር እያሳየ ከጀርባው የተደበቀውን ፕሮግራም ያስነሣል፤ ይህም ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ራሱን ይመዘግብና ከአጥቂው ጋር ተገናኝቶ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ አጥቂው በድብቅ የሚገባበት ይህ መንገድ ነው የጓሮ በር የሚባለው። ግንኙነቱን የሚጀምረው ከውስጥ በመሆኑ ፋየርዎል (የኔትወርክ ግንኙነትን የሚቆጣጠረው መከላከያ) ብዙ ጊዜ አያግደውም። ቀጥሎ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ጸረ ቫይረስ፣ የማይክሮሶፍት ዲፌንደርን፣ ኦፍላይን ስካን ያስጀምሩ፤ ዊንዶውስ ሳይነሣ ስለሚፈትሽ ቫይረሱ ለመደበቅ ይቸገራል።

መልስ (ከባሕር ዳር)፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ቀስቱ በሌላ ሰው እጅ ከተንቀሳቀሰ እኔ በስካን ብቻ አልተማመንም። ሰነዶቹን ብቻ ገልብጠው፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በወረደ ቅጂ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ይጫኑ፤ ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ያለ ክፍያ የተሰበረ) ቅጂ ራሱ የጓሮ በር ይዞ ሊመጣ ይችላልና። የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃልዎን ግን ዛሬውኑ ከሌላ ንጹሕ ስልክ ይቀይሩ፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገመዱን ነቅያለሁ፣ የይለፍ ቃሉንም በባለቤቴ ስልክ እየቀየርኩ ነው።