ልጄ የብልሃርዚያውን መድኃኒት አስመለሰው፤ ልድገምለት?

የምንኖረው ሐርቡ አጠገብ፣ ቦርከና ዳር ነው። የ11 ዓመት ልጄ ከብት ሲያጠጣም ሲዋኝም ከወንዙ አይጠፋም። ሆዱን ሲቆርጠውና ከሰገራው ጋር ደም ሲታይ አስመረመርሁት፤ ብልሃርዚያ ተገኘበት። ክብደቱ 30 ኪሎ ስለሆነ በኪሎ 40 ሚሊግራም ታስቦ፣ ባለ 600 ሚሊግራም ፕራዚኳንቴል 2 ፍሬ፣ ምግብ በልቶ በአንድ ጊዜ እንዲውጥ ታዘዘለት።

ዛሬ ጠዋት ከቀረበለት እንጀራ ሁለት ጉርሻ ብቻ ቀምሶ ተወው። እኔም ቸኩዬ መድኃኒቱን ሰጠሁት። መዋጥ ሲገባው አላመጠው፤ መራራነቱ ከባድ ነውና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አስመለሰ። ትውከቱ ውስጥ ነጫጭ ስብርባሪ አይቻለሁ። አሁን ውሃና አጥሚት ይዞለታል፣ ትኩሳትም የለውም።

ጎረቤቴ ከልጇ የተረፈ 2 ፍሬ አምጥታልኛለች። ልሰጠው ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ልጄ የሚጥል በሽታ ስላለበት ላለፉት 2 ዓመታት ማታ ማታ ፌኖባርቢታል ይወስዳል፤ ይህንን የብልሃርዚያውን መድኃኒት ላዘዘለት ሐኪም አልነገርሁትም። የመድኃኒቱን መግለጫ ወረቀት ሳነብ ፌኖባርቢታል የፕራዚኳንቴልን ኃይል እንደሚቀንስ፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው ጥንቃቄ እንደሚያሻው ተረዳሁ። ፌኖባርቢታሉን በራሴ አላቋርጥም፤ ድንገት ማቆም በሽታውን እንደሚቀሰቅስ ቀድሞ ተነግሮኛል።

በሙያው ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ 2ቱን ፍሬ ዛሬውኑ ልድገምለት ወይስ ስለ ፌኖባርቢታሉ ለሐኪሙ ነግሬ አዲስ ትእዛዝ እስካገኝ ልጠብቅ?