ሕግ አውጪ የነበረ ሰው ዳኛ መሆን ይገባዋልን? በሳንድራ ዴይ ኦኮነር ጉዳይ የተነሣ ክርክር

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፦
ትናንት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ስለነበሩት ኦኮነር ሲወሳ አንድ ወንድማችን «ሕግ ያወጣ ሰው ሕጉን ከማንም በላይ ያውቀዋል» ብለው መደምደማቸው በእጅጉ አሳዝኖኛል። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ አሪዞና ግዛት ሕግ አውጪ ሴኔት በሪፐብሊካን ፓርቲ በኩል ገብተው በ1973 የአብላጫው መሪ ሆኑ፤ በመካከሉም በ1972 የሪፐብሊካኑን ፕሬዚዳንት የኒክሰንን የምርጫ ዘመቻ በአሪዞና በጋራ መርተዋል። እንዲህ በፓርቲ ሥራ የተጠመደ ሰው በ1974 ተመርጦ በአሪዞናዋ ከተማ በፊኒክስ ችሎት ሲሰየም፣ ከፊቱ የሚቆመው የተቃራኒው ፓርቲ ባለጉዳይ ምን ዋስትና ይኖረዋል?

ጠበቃው፦
ቃሉ የእኔ ነው፤ አላጥፈውም። በ1979 ለአሪዞና ይግባኝ ፍርድ ቤት የሾሟቸው የግዛቲቱ አገረ ገዥ ብሩስ ባቢት ዴሞክራት ነበሩ፤ ፕሬዚዳንት ሬገን በ1981 ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲያጯቸውም የአሜሪካ ሴኔት 99 ለ0 አጽድቋል። አንድ አንቀጽ በምን ዓይነት ድርድር ተቆርጦና ተቀጥሎ እንደሚወጣ በዓይኑ ያየ ዳኛ፣ ምክር ቤቱ ያላሰበውን ሐሳብ በሕጉ ውስጥ አይፈልግም።

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፦
«ያውቀዋል» ወደሚለው ልመለስ። አውጪው ከሕጉ ጋር የሚያውቀው የራሱን ድምፅ ጭምር ነው። ፅንስ ማስወረድን የሚከለክለው የአሪዞና ሕግ እንዲሻር በ1970 በኮሚቴ የሰጡት ድምፅ፣ ከ11 ዓመት በኋላ ሹመታቸው ሲመረመር ተነሥቶባቸዋል። ድምፅ የሰጠ ሰው በዚያው ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?

የፊኒክስ እኅት፦
ሁለታችሁም የአሿሿሙን መንገድ ዘለላችሁት። የአሪዞና ሕዝብ በዚያው በ1974 በትልልቆቹ አውራጃዎችና በይግባኝ ደረጃ ዳኞች በኮሚሽን ተጣርተው በአገረ ገዥው እንዲሾሙ ወሰነ፤ የ1979ኙም ሹመት የመጣው በዚህ መንገድ ነው። አሌክሳንድሪያ በምትገኝበት በእርስዎ ግዛት በቨርጂኒያ ግን ዳኞችን የሚመርጠው ራሱ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ነው። ቁጣዎ ሊያርፍ የሚገባው እዚያ ይመስለኛል።

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፦
እኅቴ፣ የእኛ ግዛት አሠራር ስጋቴን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ የሥራ ባልደረቦቹ ድምፅ ሰጥተው ወንበር ላይ ያስቀመጡት ሰው ውለታቸውን በቀላሉ አይረሳም።

ጠበቃው፦
ይህ ግን በኦኮነር ላይ አይሠራም። በውለታ የፈረዱበትን አንድ ውሳኔ ይጥቀሱልኝ።

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፦
በ2000 የፕሬዚዳንት ምርጫ የፍሎሪዳ ድምፅ ድጋሚ ቆጠራ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ተቋርጦ ሪፐብሊካኑ ቡሽ ሲያሸንፉ፣ ከአምስቱ አንዷ እሳቸው ነበሩ።

ጠበቃው፦
በ1992 ፓርቲያቸው አጥብቆ የሚቃወመውን የፅንስ ማስወረድ መብት ዋና መሠረት ካጸኑት አምስት ዳኞች መካከልም እሳቸው ነበሩ፤ የሾሟቸውን ሰዎች ውለታ ቢያስቡ ኖሮ ያን ቀን ድምፃቸው ከሌሎቹ አራት ዳኞች ጋር ይሆን ነበር።

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ፦
የ1992ቱ ውሳኔ የ2000ውን አይሽረውም፤ ባለጉዳዩ የሚቀርበው ለዕለቱ ዳኛ ነውና።