ለአጭር ተውኔት ምሽታችን፦ የባሕር ማዶ ሥራ ይተርጎም ወይስ እዚሁ ይጻፍ?

አስተባባሪ፦ ጀመዓው፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ተጣምረን ልናዘጋጀው ስላሰብነው የአጭር ተውኔት ምሽት ነው። ሦስት ባለ አንድ ገቢር ተውኔቶች፣ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልበለጠ። ዲኮር የለንም፤ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለን። ባለፈው ስብሰባ ግማሹ ሰው «በዘመናችን ካሉ የውጭ ጸሐፌ ተውኔቶች እንተርጉም» ሲል ግማሹ «የደሴ መድረክ ለደሴ ልጅ» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። እዚህ ተከራክረን ይለይለት። ተውኔት የሚጠቁም ሰው ርዕስ ብቻ ወርውሮ አይሂድ፤ ስለ ምን እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚጫወተው ይንገረን።

የሸዋበር ልጅ፦ እኔ ይተርጎም ባይ ነኝ። መጀመሪያ የአሜሪካዊው ዴቪድ አይቭስ «ሹር ቲንግ»። እ.ኤ.አ. በ1988 የታየ ሥራ ነው። ካፌ ቁጭ ብላ የምታነብ ሴት፣ ወንበር የሚፈልግ ወንድ፤ ሁለት ተዋናይ ብቻ። አንዳቸው የማይሆን ቃል በተናገሩ ቁጥር ደወል ይጮኻል፤ ወሬው ከተበላሸበት ቦታ እንደ አዲስ ይጀመራል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መቼቱን ፒያሳ ካለ ቡና ቤት አድርጉትና ልጁ ገና ሳይቀመጥ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ደወል ሲጮህበት አስቡት።
ሁለተኛው የእንግሊዛዊው ሃሮልድ ፒንተር «የተራራ ቋንቋ» ነው፤ እሱም የ1988። ሃያ ደቂቃ ገደማ። ሴቶች ባልና ልጅ ሊጠይቁ ወህኒ ቤት ደጃፍ ተሰልፈዋል፤ ቋንቋችሁ ተከልክሏል ይባላሉ። አንዲት አሮጊት እጇን ውሻ ነክሷታል፤ መኮንኑ ግን «የውሻው ስም ማን ነው?» እያለ ይሟገታል። በመጨረሻ በቋንቋዋ እንድትናገር ሲፈቀድላት አሮጊቷ አንድም ቃል አትተነፍስም። እንዲህ ያለ ነገር በሃያ ደቂቃ የጻፈ ካለን አምጡና እኔም ዝም እላለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ፒንተር እኮ ከሞተ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው ያረፈው። «በዘመናችን ያሉ» ካላችሁ ቃላችሁን አክብሩ።
ወደ ነገሩ ልግባ። የላሊበላ ኪነት ቡድን ከዚህ ከተማ ተነሥቶ አገር ሲያዳርስ፣ ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ሰው ሲያወጣ፣ ማንም ከኒውዮርክ ቀልድ አልተበደረም። ይህን የምለው ለኩራት ብቻ አይደለም። ጸሐፌ ተውኔት የሚሠራው መድረክ ላይ ነው። የጻፈው ቃለ ተውኔት በተዋናይ አፍ ሲወጣ ሰምቶ፣ ተመልካቹ የት ላይ እንዳዛጋ አይቶ፣ ቤቱ ገብቶ ይሰርዛል። ተሰሚነት ያላገኘ ደራሲ ሁለተኛውን ተውኔት አይጽፍም። በዓመት አንዴ በምታገኟት ምሽት አይቭስ ባይኖር እሱ ምን ይጎድልበታል? የኛ ልጅ ግን ይጎድልበታል።

የሸዋበር ልጅ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ሲተረጉም የማንን ቦታ ነጠቀ? መንግሥቱ ለማስ? «ጠልፎ በኪሴ»ን የጻፈ ሰው የቼኾቭን «ድብ» ወስዶ «ዳንዴው ጨቡዴ» አላደረገም? ከሰው እየወሰዱ ነው እኮ ያሳዩን።

ጡረተኛው መምህር፦ የመንግሥቱ ውርስ ትርጉም ነው፣ ታሪኩን ወስዶ የአገር ሰውና ልማድ ማልበስ፤ አንተ የምትለው ትርጉም ነው። አማርኛው በአፉ ያደገ ሰው ሲያወርስና እናንተ ስልክ ላይ ባለ ማስተርጎሚያ ስትገለብጡ እኩል አይደለም። ባለፈው ያመጣችሁልኝን ረቂቅ አንብቤዋለሁ፤ ወሎዬ የሚናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር አጥቼበታለሁ።

የማታ ፈረቃ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ፤ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የፒንተሩን ነገር በተመለከተ የምለው አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ከተሞቻችን በተያዙ ጊዜ ዘመዱ የት እንደገባ እየጠየቀ በየደጁ የቆመ ሰው ያ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል። እኔም አንዷ ነበርኩ። አይታይ አላልኩም። ግን «ቋንቋ ተከለከለ» የሚል ተውኔት ዛሬ እዚህ ስታሳዩ ተመልካቹ መድረኩን ትቶ «ይሄ መኮንን ማንን ነው?» እያለ ይገምታል፤ ሲወጣ ስለ ተውኔቱ ሳይሆን ስለ ብሔር ይጨቃጨቃል። ያን ውይይት መምራት የሚችል ሰው አላችሁ? ከሌላችሁ ይቆይ።
ሌላው ደግሞ፣ ምሽት ምሽት ትላላችሁ። በማታ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን የሚወርድ ታክሲ የሚያገኝልን ማን ነው? እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሁን።

ጦሳ ሥር፦ ሰው ከፈራችሁ «ደሴቲቱ»ን ልጠቁም። ደቡብ አፍሪካዊው አቶል ፉጋርድ ከጆን ካኒና ከዊንስተን ንትሾና ጋር ሆኖ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. የ1973። ሁለት እስረኞች፣ የአፓርታይድ ዘመን ወህኒ በነበረው ሮበን ደሴት። ሲከፈት ረጅም ጊዜ ቃል የለም፤ አንዱ አሸዋ ቆፍሮ በጋሪ እየገፋ ሌላው በሚቆፍርበት ይደፋል፣ ያም እንዲሁ። ማለቂያ የለውም። ማታ ማታ ክፍላቸው ውስጥ ለእስረኞች የሚያሳዩትን የጥንት ግሪክ ተውኔት «አንቲጎኔ» ይለማመዳሉ። አንደኛው የሴት ገፀ ባሕርይ ስለሚጫወት ዊግ ሲያጠልቅ ጓደኛው በሳቅ ይሞታል፤ እሱም ተናዶ አልጫወትም ይላል። ለሁለት ጎበዝ ተዋናይ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ዲኮር አይፈልግም።

የሸዋበር ልጅ፦ እሱ ግን ባለ አራት ትዕይንት ነው፤ ብቻውን ምሽቱን ይበላዋል። ፉጋርድም እ.ኤ.አ. በ2025 ዐርፏል፤ ጋሼ እንዳይይዙህ።

ጦሳ ሥር፦ ቆርጠን የአሸዋውን ክፍል ብቻ እናሳይ።

ጠበቃው፦ ቆርጠህ ማሳየት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የመተርጎም፣ የማዛመድና በአደባባይ የማሳየት መብትን ለደራሲው ይሰጣል፤ ጥበቃው የደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ «ዳንዴው ጨቡዴ»ን እንሥራ ብትሉ እንኳ መንግሥቱ ለማ ያረፉት በ1980 ዓ.ም. ስለሆነ ወራሾቻቸውን መጠየቅ አለባችሁ። ቼኾቭን ራሱን ከፈለጋችሁ ግን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው እንደ አዲስ አውርሱት፤ ማንም አይጠይቃችሁም። የውጭዎቹን በተመለከተ አዋጁ በዋናነት የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ ወይም እዚህ ነዋሪ የሆነ ደራሲን እና መጀመሪያ እዚህ የታተመ ሥራን ነው፤ በዚህ መከራከር ይቻላል። ግን ቪዲዮውን ዩቲዩብ ላይ ከጫናችሁት ጉዳዩ ከአገር ይወጣል። ለደራሲው ወኪል ደብዳቤ መጻፍ ምን ያስቸግራል?

የሆጤዋ፦ እስካሁን ሁሉም የጠቆማችሁት ወንድ ነው፤ ልብ ብላችኋል? ሱዛን ሎሪ ፓርክስ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2002 ጀምሮ ለአንድ ዓመት በየቀኑ አንድ ተውኔት ጽፋለች። ብዙዎቹ ከአንድ ሁለት ገጽ አይበልጡም። እኔ ተርጉመን እናሳይ አልልም፤ አንብበን እንጻፍ ነው የምለው። ከኛም ጸሐፌ ተውኔቷ መዓዛ ወርቁ አለች፤ ሥራዋ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል። እኛ ግን እዚህ ሆነን ማን ይተርጎም እያልን ስንጨቃጨቅ የእሷን ስም ያነሣ የለም።
የ«ሹር ቲንግ» ደወል ደግሞ ሐሳብ ነው። ጠበቃው ያርሙኝ፤ ሐሳብ በአዋጁ አይጠበቅም አይደል?

ጠበቃው፦ ሐሳብ አይጠበቅም፤ አገላለጹ ነው የሚጠበቀው። ነገር ግን ሁለት ሰው፣ ካፌ፣ ደወል፣ እንደገና መጀመር፣ ሁሉንም ከወሰድሽ «ሐሳብ ነው» የሚለው መከላከያ ይሳሳል።

የሆጤዋ፦ ካፌ ማን ፈለገ? ሽምግልና ይሁን። ሦስት ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቁ ሄደዋል፤ የልጅቷ አባት የማይሆን ነገር በሰሙ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ሽማግሌዎቹ ከደጅ እንደገና «ቤቶች!» ብለው ይገባሉ። በሦስተኛው አንደኛው ሽማግሌ ምርኩዙን ይረሳል፤ አባትየው አቀብለውት መልሰው ያስወጡታል።

ጡረተኛው መምህር፦ ይቺን ጻፊያትና አምጪልኝ። አባትየው ላይ ምርቃት ጨምሪ፤ ወሎ ያለ ምርቃት ልጅ አይጠየቅም። ሆኖም አቋሜ አልተለወጠም፤ ከሦስቱ አንድ እንኳ ትርጉም ከገባ እኔ ለልምምዱ አልመጣም።

የሸዋበር ልጅ፦ ጋሼ፣ ቼኾቭን ራስዎ ቢያወርሱልንስ? ስልክ ላይ ባለ ማስተርጎሚያ አይገለበጥ ያሉት እርስዎ ነዎት።

ጡረተኛው መምህር፦ መጽሐፉን ላክልኝ፤ አንብቤ እነግርሃለሁ። ቃል ግን አልገባሁም።

አስተባባሪ፦ እሺ። የሆጤዋ ረቂቁን እስከ ቅዳሜ። «ሹር ቲንግ» ፈቃዱ ከመጣ ይገባል፤ ደብዳቤውን ጠበቃውና የሸዋበር ልጅ ይጻፉ። የፒንተሩ ላይ ድምፅ እንሰጣለን፤ የማታ ፈረቃ የጠየቀችው ውይይት መሪ ሳይገኝ ግን ለድምፅ አይቀርብም። ሰዓቱ እሑድ ስምንት ሰዓት ከቀኑ።

ጦሳ ሥር፦ የአሸዋው ክፍል እንዴት ሆነ? ፈቃዱን እኔ ራሴ ብጠይቅስ?