ከኮንዶሚኒየም ግቢ የጠፋች ድመት በምን ትያዝ?

ጤና ይስጥልኝ። ከቤት ወጥታ የማታውቅ ድመታችን ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ ዘላ ጠፍታለች። እንዲህ ያለች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ አትሄድም፤ ፈርታ ቅርብ ጥግ ትወሸቅና የባለቤቷን ጥሪ እንኳ አትመልስም። ስለዚህ የምንፈልጋት ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ፣ ግቢው ጭር ሲል ነው። ባትሪው ከዓይን አጠገብ ይያዛል፤ ያለዚያ የዓይኗ ነጸብራቅ አይታይም። የደረጃ ሥር፣ የሮቶው ማስቀመጫ፣ የመኪኖች ሥር ታይቷል። በመጨረሻ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ክምር ሥር ሁለት ዓይን በርቶ ጠፋ። እሷው ትመስለኛለች።

የቸገረኝ ማጥመጃው ነው። ሰርዲን ሲቀመጥ የሰፈር ድመቶች ይቀድሟታል፤ በራሱ የሚዘጋ ወጥመድ ደግሞ የሚይዘው ቀድሞ የገባውን ነው። ቆርቆሮውን ማንሳት አልፈልግም፣ ከደነገጠች አስፋልት ላይ ትወጣለች።

80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ መዝጊያው በገመድ ከሩቅ የሚለቀቅ የሽቦ ሳጥን ላሠራ ነው። ወለሉ ላይ የተኛችበት ጨርቅ ይነጠፋል፣ ምግቡ ጥግ ይገባል። ገመዱ ስንት ሜትር ቢሆን አትሸሽም? መዝጊያው ሲወርድ ጅራቷን እንዳይመታ ጠርዙ ላይ ምን ይደረግ? የሰፈሩን ድመቶችስ ሌላ ቦታ ቀድሞ ማጥገብ ይሠራል? የሞከረ ካለ ቢነግረኝ።