እህቴ «አሴክሹዋል ነኝ» አለችኝ፣ «እሷ» ማለት ልተው እንዴ?

ብርዳሟ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 26 ዓመቷ ነው፣ እሁድ ማታ እኔ ቆሎ እየቆላሁ እሷ ጋቢ ተከናንባ ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ «እትዬ ይሄን አንብቢልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። አሴክሹዋል ማለት ለማንም የወሲብ ፍላጎት የማይሰማው ሰው ነው ይላል፣ እሷም ለወንድም ለሴትም ተሰምቷት አያውቅም። ደንግጬ ቆሎው አረረብኝ። እህቴ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ በመለሰች ቁጥር እማዬ ዓይነ ጥላ ነው ጸበል ትግባ ትላለች። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ «እሱም እሷም አትበሉን» የሚሉ ሰዎች አየሁና ግራ ገባኝ፣ ምን ብዬ ልጥራት? ሐኪም ጋስ ልውሰዳት? እንዳላስከፋት ብዬ ነው፣ ስድብ ይቅርብኝ።

ነርሷ፦
እህቴ ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው። አሴክሹዋልነት ለማን ትሳቢያለሽ ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፣ አጠራሩ ደግሞ ወንድ ነኝ ሴት ነኝ ወይም ሁለቱም አይደለሁም የሚለው ነው። እሷ አትበሉኝ ካላለችሽ እሷ እሷ ናት። ሕክምናውን በተመለከተ፣ የነበረ ፍላጎት ድንገት ከጠፋ ወይ ራሷን ካስጨነቃት ትታይ፣ የድብርት መድኃኒትም የሆርሞን ችግርም ሊያጠፋው ይችላል። ከድሮ ጀምሮ እንዲህ ከሆነች ግን በሽታ አይደለም፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም በ2013 እ.ኤ.አ. እትሙ ራሱን አሴክሹዋል የሚል ሰው በፍላጎት ማነስ በሽተኛ አይባልም ብሏል።

የመሐል ሜዳው፦
እኔም እንደዛው ነኝ፣ 34 ዓመቴ። ጓደኞቼ ስንፈተ ወሲብ ነው ብለው መድኃኒት ገዝተውልኛል፣ ሰውነቴ ግን ጤነኛ ነው። መንኩስ ያሉኝም አሉ፣ መነኩሴ እኮ ፍላጎቱን አሸንፎ ነው የሚኖረው እኔ የማሸንፈው ነገር የለኝም። ፍቅር ግን ይዞኝ ያውቃል፣ እጇን ይዤ ገበያ ስንሄድ ደስታዬ ሌላ ነበር። ብቻችንንም አይደለንም፣ ቦጋርት የሚባል ካናዳዊ ተመራማሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ከ18,000 በላይ እንግሊዛውያን የመለሱትን መጠይቅ አይቶ ከመቶ አንድ ገደማ እንዲህ ናቸው ብሎ ጽፏል። ጸበሉን ራሷ ከፈለገች ትሂድ፣ በግድ ግን እንዳትወስዷት አደራ፣ እኔ ተወስጄ አውቀዋለሁ።

የቋንቋ መምህር (ደብረ ሲና)፦
ስለ አጠራሩ ልጨምር። ብዙ ሰው የዛሬ ፈረንጅ ያመጣው ፋሽን ይመስለዋል፣ እንግሊዝኛ ግን «እነሱ» የሚለውን ቃል ለአንድ ሰው መጠቀም የጀመረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኛም እኮ አለን፣ «እሳቸው መጡ» ስትዪ አባት ይሁኑ እናት አይታወቅም፣ «አንቱ»ም እንደዛው። ችግሩ ለ20 ዓመት ልጅ እሳቸው ሲባል ሽማግሌ ያስመስለዋል፣ ለዛ ነው የኛ ከእንግሊዝኛው የሚከብደው፣ እነሱ ፊት ለፊት ሲያወሩ ጾታ አይለዩም እኛ ግን ገና «ና» «ነይ» ስንል እንለያለን። ስለዚህ ሰውየውን መጠየቅ ነው።

ብርዳሟ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ትናንት ማታ ጠየቅኳት፣ «እሷ በይኝ እንጂ ሌላ ምን ትዪኛለሽ፣ እማዬን ብቻ አስረጂልኝ» አለችኝ። ቅዳሜ የሚመጡትን ሽማግሌዎች እኔ ላነጋግራቸው ተስማምተናል።